የማይፈርስ ቡሪቶ ቤት ውስጥ መሥራት

ሰው ስለ ቡሪቶ፣ ማለትም ቶርቲያ በሚባል ስስ ቂጣ ስለሚጠቀለለው የሜክሲኮ ምግብ፣ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የሚያነሳው ሥጋውን ነው። ምን ቅመም ገባበት? ለስንት ሰዓት ተዘፈዘፈ? እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ሥጋው ላይ ያን ያህል አልጨነቅም። ቤት ውስጥ የተሠራ ቡሪቶ በሥጋው ምክንያት ሲበላሽ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ውሃ ነው። ቶርቲያው ውሃ ሲያጣ ደርቆ ይሰነጠቃል። ውስጡ የሚገባው ነገር ደግሞ ውሃ ሲበዛበት ቶርቲያውን ያርሰዋል። ከዚያ ግማሹን ሳትበሉ የታችኛው ጫፍ ይቀደድና ቦሎቄው በእጃችሁ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ቡሪቶ ስሠራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማስበው ሁለት ነገር ነው፤ ቶርቲያው እርጥበቱን እንዳያጣ፣ መሙያው ደግሞ ውሃ እንዳይለቅ።

ምድጃ ከመለኮሳችሁ በፊት አንድ ነገር ወስኑ። የትኛውን ቡሪቶ ነው መሥራት የፈለጋችሁት? ምግቡ የመጣው ከሰሜን ሜክሲኮ ነው። ሶኖራና ቺዋዋን የመሳሰሉት የሰሜን ግዛቶች ስንዴ አብቃይ ናቸው፤ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ቶርቲያ ሲባል በአብዛኛው የበቆሎ ሲሆን፣ እነሱ ጋ የስንዴው ይዘወተራል። የሰሜኑ ቡሪቶ ቀጭን ነው። አንድ ወይም ሁለት ነገር ቢገባበት ነው፤ የተፈጨ ቦሎቄ ከቺዝ ጋር፣ በቺሊ የተሠራ ወጥ ነገር፣ ወይም ማቻካ የሚሉት ደርቆ የተበጣጠሰ ሥጋ ከእንቁላል ጋር። ሩዝ ብዙም አያውቅም። ሌላው ደግሞ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ፣ ሚሽን በሚባለው ሰፈር የተለመደው ነው። ያኛው ግዙፍ ነው። ቶርቲያው በእንፋሎት ይሞቃል። ሩዙ፣ ቦሎቄው፣ ሥጋው፣ ሳልሳው (የቲማቲምና የቃሪያ ማባያው)፣ አቮካዶው፣ ክሬሙ ሁሉ ገብቶበት በፎይል ይጠቀለላል። ብዙዎቻችን ቡሪቶ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ይሄኛው ነው።

ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። የሚሽኑ ቡሪቶ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቶርቲያ ይፈልጋል። ታሽጎ የሚሸጠው ብዙው ግን 20 ሴንቲሜትር ነው፤ ለታኮ (በግማሽ ታጥፎ ለሚበላው ትንሹ ዓይነት) ወይም አጥፎ ለመጥበስ ይሆናል እንጂ ስድስት ዓይነት ነገር አይችልም። ቶርቲያችሁ ትንሽ ከሆነ የሰሜን ሜክሲኮውን ሥሩ። ሁለት ነገር ብቻ አስገቡ። በእኔ አፍ እንዲያውም ይሄኛው ይበልጣል፤ ቦሎቄው ቦሎቄ ቦሎቄ፣ ሥጋው ሥጋ ሥጋ ይላል። ቤተሰብ ሲሰበሰብ ግን ግዙፉን የሚጠይቅ አይጠፋም፤ ስለዚህ ሁለቱንም እያነሳሁ እሄዳለሁ።

ቶርቲያው

የተገዛ ቶርቲያ መጠቀም ነውር የለውም። እኔም ጊዜ ሲያጥረኝ የማነሳው እሱን ነው። ግን ከጥቅሉ አውጥታችሁ እንደቀዘቀዘ እንዳትጠቀልሉት። የስንዴው ስታርች እየቆየ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ሲሞቅ መልሶ ይለሰልሳል። ቀዝቃዛ ቶርቲያ ስታጥፉት እጥፋቱ ላይ ነጭ መስመር ካወጣ፣ በቃ፣ እዚያው ላይ ነው የሚሰነጠቀው።

እኔ የማሞቀው እንዲህ ነው። ሰፊ መጥበሻ ያለ ዘይት መካከለኛ እሳት ላይ በደንብ አግላለሁ። ቶርቲያውን አስቀምጬ እጄን ውሃ ነክሬ ጥቂት ጠብታ መጥበሻው ዳር ላይ እረጫለሁ፤ ወዲያው ክዳን እከድንበታለሁ። 15 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ክዳኑን ሳነሳ ቶርቲያው ላይ ትንንሽ አረፋዎች ተነስተው፣ መልኩ ከዱቄትነት ወጥቶ ትንሽ የሚያሳልፍ ዓይነት ሆኖ አገኘዋለሁ። ገልብጬ ሌላ 10 ሰከንድ። ከዚያ በንጹህ ጨርቅ ውስጥ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ጫፉን ይዛችሁ ለሁለት እጠፉት፣ ልቀቁት። ምንም መስመር ሳይወጣበት ከተዘረጋ ዝግጁ ነው። ቡናማ ነጠብጣብ ከበዛበት ግን ውሃው እያለቀ ነው፤ ለታኮ ያምራል፣ ለመጠቅለል አይሆንም።

ማይክሮዌቭም ይሠራል። እርጥብ የወጥ ቤት ወረቀት ውስጥ አድርጋችሁ 20 ወይም 30 ሰከንድ። ብቻ ወዲያው ጠቅልሉ፤ በዚህ መንገድ የሞቀ ቶርቲያ ቶሎ ነው የሚደርቀው።

ራሳችሁ መሥራት ከፈለጋችሁ ደግሞ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። የምጠቀምበት መጠን ይህ ነው፤ 300 ግራም ነጭ የስንዴ ዱቄት፣ 60 ግራም ስብ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 170 ሚሊ ሊትር ገደማ ሙቅ ውሃ። በሰሜን ሜክሲኮ የተለመደው ስብ የአሳማ ነው። ለማይበላ ሰው ዘይት ወይም ቅቤ ይሆናል፤ ዘይቱ ሊጡን ለመዳመጥ ቀላል ያደርገዋል፣ ቅቤው ጣዕም ይሰጠዋል። ቤኪንግ ፓውደር የሚጨምሩ አሉ። እኔ አልጨምርም። ቶርቲያውን ያፋፋዋል፣ የፋፋ ቶርቲያ ደግሞ ሲጠቀለል እጥፋቱ ይወፍራል።

መጀመሪያ ስቡንና ዱቄቱን በጣት ጫፍ እሹት፤ ስቡ በዱቄቱ ላይ እስኪጠፋ ድረስ። ይህች ደረጃ ትዝለል አትባልም። ዱቄቱ በስብ ሲለበስ ግሉተኑ (ሊጡን የሚለጥጠው የስንዴ ፕሮቲን) ከመጠን በላይ አይጠነክርም፤ ቶርቲያው ለስላሳ የሚሆነው በእሷ ነው። ውሃው እጅ ለጥቂት ሰከንድ የሚችለው ያህል ትኩስ ይሁን። ሙቅ ውሃ ሊጡን ታዛዥ ያደርገዋል። ለአምስት ደቂቃ ያህል እሹት፣ አድቦልቡሉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት። ሰዓት ቢሆን የተሻለ። ከዚህ መጠን ለትልቅ ቡሪቶ የሚሆኑ 5 ድብልብሎች ይወጣሉ።

ስትዳምጡት ሊጡ ወደ ኋላ እየተሰበሰበ አልዘረጋ ካለ አትታገሉት። ግሉተኑ ገና አላረፈም ማለት ነው። ሸፍናችሁ 10 ደቂቃ ተዉትና ሌላውን ያዙ። ከመሀል ወደ ዳር እየዳመጣችሁ፣ በየጊዜው ሩብ ዙር እያዞራችሁ ሂዱ። ሥሩ እጃችሁን ብታስገቡ የጣቶቻችሁ ጥላ እስኪታይ ድረስ መቅጠን አለበት። ክቡ ባያምር ግድ የለም፤ ሲጠቀለል ማን ያየዋል? የሚያስቸግረው ሁሉም ቦታ እኩል አለመቅጠኑ ነው።

መጥበሻው በጣም የጋለ ይሁን፣ ያለ ዘይት። የመጀመሪያው ጎን ከ30 እስከ 45 ሰከንድ፣ ሁለተኛው ከዚያ ያነሰ። አንድ ቶርቲያ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ከወሰደባችሁ እሳቱ አንሷል። ቀስ ብሎ የበሰለ ቶርቲያ እየበሰለ ሳይሆን እየደረቀ ነው። እንደወጣ በጨርቅ ውስጥ አንዱን በአንዱ ላይ ደርድሩ። የራሱ እንፋሎት ነው የሚያለሰልሰው፤ ከመጥበሻ እንደወጣ የሚሰባበር መስሎ የነበረው ከ10 ደቂቃ በኋላ እንደ ልብ ይታጠፋል።

መሙያው

ለእኔ የቡሪቶ ዋናው ቦሎቄው ነው። ሌላውን ሁሉ አያይዞ የሚይዘው እሱ ነው። ፒንቶ የሚባለው ዥንጉርጉሩ ወይም ጥቁሩ ቦሎቄ ይመረጣል። ማታ ስትዘፈዝፉት ውሃው ላይ ጨው ጨምሩ፤ ለ250 ግራም ቦሎቄ 2 ሊትር ውሃና አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ጨው። ጨው ቦሎቄ ያጠነክራል የሚባለውን ብዙ ሰው ያምናል፤ በተግባር ግን የማየው ተቃራኒውን ነው። በቆዳው ውስጥ ያለውን ካልሲየምና ማግኒዥየም በከፊል የጨው ሶዲየም ይተካዋል፣ ቆዳውም ይለሰልሳል። እውነተኛው አጠንካሪ ኮምጣጣ ነገር ነው። ቲማቲምና ሎሚ ቦሎቄው ከበሰለ በኋላ ይግቡ።

ቀይ ቦሎቄ ከሆነ ያላችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጥሬው ሆድ ክፉኛ የሚያውክ ሌክቲን የሚባል ነገር አለው። የተዘፈዘፈበትን ውሃ ድፉ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ በኃይል ይፍላ፣ ከዚያ እሳቱን ቀንሱ። በዝግታ ማብሰያ ውስጥ ጥሬውን ጨምሮ መሄድ አይሆንም፤ ሙቀቱ አይበቃውም።

የበሰለውን ቦሎቄ ከነውሃው እንዳታስገቡ። አጥልሉት፣ ውሃውን ግን አስቀምጡት። ሰፊ መጥበሻ ላይ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ደቆ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ከሙን። ሽንኩርቱ ወርቃማ ሲሆን ቦሎቄውን ጨምራችሁ በማንኪያ ጀርባ ዳምጡት። ሲደርቅባችሁ ካስቀመጣችሁት ውሃ ጠብ አድርጉ። ግማሹ ቢልም፣ ግማሹ ፍሬው ቢታይ ደስ ይላል። መቼ ነው የሚበቃው? በማንኪያው የመጥበሻውን መሀል ሰንጥቁት። መንገዱ ወዲያው ከተዘጋ ገና ቀጭን ነው። ሁለት ሦስት ሰከንድ ተከፍቶ ከቆየና ከዚያ ቀስ ብሎ ከተገጣጠመ ልክ ነው። ሲበርድ የበለጠ እንደሚወፍርም አትርሱ። የቆርቆሮ ቦሎቄ ይዛችሁ ከሆነ አጥልላችሁ፣ አለቅልቃችሁ በዚሁ መንገድ ሂዱ። ማንም አያውቅባችሁም።

ሩዙ ላይ አጭር ልሁን። እጠቡት፣ በትንሽ ዘይት እስኪያብረቀርቅ አገላብጡት፣ ለ1 ስኒ ሩዝ 1 ተኩል ስኒ ውሃ፣ ጨው፣ ክዳን፣ ዝቅተኛ እሳት፣ 15 ደቂቃ። እሳቱን አጥፍታችሁ ሳትከፍቱ 10 ደቂቃ ተዉት። ከዚያ ሰፊ ሳህን ላይ ዘርጉት፣ እንፋሎቱ ይውጣ። ሎሚና የተከተፈ የድንብላል ቅጠል እዚያው ላይ። ሩዝ ጨው ካነሰው መላው ቡሪቶ አልጫ ይሆናል፤ ለብቻው ስትቀምሱት ጣዕም ይኑረው። የተረፈውን ሩዝ ደግሞ ውጭ አታሳድሩ። ስትቀቅሉትም የማይሞቱ የባክቴሪያ ዘሮች (ስፖሮች) ይቀራሉ፤ ባክቴሪያው ከእነሱ ተነስቶ በክፍል ሙቀት ይራባል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ።

ሥጋውን በመረጣችሁት መንገድ ሥሩት። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙንና ቺሊ ተቀብቶ ከፍተኛ እሳት ላይ የተጠበሰ የበሬ ሥጋ፣ ወይም በዝግታ በስሎ የተበጣጠሰ፣ ወይም የዶሮ ጭን። ዶሮ ከሆነ ውስጡ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይድረስ። የእኔ ሙግት አቆራረጡ ላይ ነው። ረጅም ቁራጭ ሥጋ ቡሪቶ ውስጥ ቦታ የለውም። ስትነክሱት አይቆረጥም፤ ተስቦ ይወጣል፣ ግማሹን ሩዝ ይዞ። ሥጋው ከእሳት ወርዶ አምስት ደቂቃ ይረፍ፣ ከዚያ ከጡንቻው መስመር አንጻር አግድም ተቆርጦ፣ እንደገና 1 ሴንቲሜትር በምታህል መጠን ይከተፍ። መክተፊያው ላይ የቀረውን ጭማቂ ወደ ቦሎቄው መልሱት። የተበጣጠሰ ሥጋ ከሆነ ደግሞ መረቁ እስኪጣበቅበት ድረስ ሳትከድኑ አንተክትኩት፤ ከማንኪያ የሚንጠባጠብ ነገር አይኑር።

ሥጋ ለማይበላ ሰው እንጉዳይ፣ ስኳር ድንች፣ ትልልቅ ቃሪያ በጣም ያምራል። ብቻ መጥበሻው ላይ አታጨናንቁት። ከተጨናነቀ በራሱ ውሃ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። በሁለት ዙር ሥሩት።

አሁን ወደ ዋናዎቹ ጠላቶች። ጥሬ ሳልሳ፣ ማለትም ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ድንብላል፣ ሎሚ፣ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ቲማቲም ጨው ሲነካው ውሃውን ይለቃል። ይህንን ሥራ ቡሪቶው ውስጥ ከሚሠራው ቀድሞ ወንፊት ላይ ይሥራው። ቲማቲሙን ከትፋችሁ፣ ጨው ነስንሳችሁ፣ ወንፊት ውስጥ 15 ደቂቃ አስቀምጡት። ሥሩ ያለው ጎድጓዳ ሳህን ላይ የሚጠራቀመውን ውሃ ስታዩ ትገረማላችሁ። ያ ሁሉ ቶርቲያው ውስጥ ሊገባ የነበረ ነው። አትድፉት ታዲያ፤ የሩዝ መቀቀያ ውሃ ላይ ይጨመር። ከዚያ በኋላ ሌላውን ቀላቅሉ።

አቮካዶውን በሎሚና በጨው ወፈር አድርጋችሁ ዳምጡት፣ ቲማቲም አትጨምሩበት። ክሬም አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ በጎን እየነከራችሁ ብሉ። ሰላጣ ቅጠል? ይቅርባችሁ። ትኩስ ሩዝ ሲነካው ይጠወልጋል፣ ውሃ ይሆናል። የሚንኮሻኮሽ ነገር የሚያስፈልገው ሰው በቀጭኑ የተከተፈ ጥቅል ጎመን ጨው ነስንሶ፣ ጨምቆ ያስገባ።

ቺዝ ራሳችሁ ፈቅፍቁ። ተፈቅፍቆ የሚሸጠው እንዳይጣበቅ ስታርች ይነሰነስበታል፣ ሲቀልጥም አሸዋ አሸዋ ይላል። ሞንተሬይ ጃክ፣ ለስለስ ያለ ቼዳር፣ ከተገኘ የቺዋዋ ቺዝ፣ ሁሉም ይሆናሉ።

መጠቅለሉ

ይሄ ቪዲዮ ላይ ቀላል ይመስላል። ቀላልም ነው፣ መጠኑን ካወቃችሁ። 30 ሴንቲሜትር ቶርቲያ ሁሉንም ተደምሮ 300 ግራም ገደማ ይይዛል። 25 ሴንቲሜትሩ ከ180 እስከ 200። ሚዛን ካላችሁ አንድ ጊዜ መዝኑት፤ ከዚያ ዓይናችሁ ይለምደዋል። ስታዩት "ይህቺ ብቻ?" ትላላችሁ። አዎ፣ ይህቺ ብቻ።

ሁሉም ነገር ከተዘጋጀ በኋላ ነው ቶርቲያ የሚሞቀው። አንድ ሞቆ፣ አንድ ተሞልቶ፣ አንድ ተጠቅልሎ። አምስቱን አሙቆ ደርድሮ መሙላት ከጀመራችሁ አምስተኛው ጋ ስትደርሱ ቀዝቅዟል።

ትኩሱ ቶርቲያ ላይ መጀመሪያ ቺዝ ይነስነስ። ቀልጦ ቶርቲያው ላይ ይለጠፋል፣ እርጥበቱንም በመጠኑ ያግዳል። ቀጥሎ ቦሎቄው፣ ቀባ ተደርጎ። ከዚያ ሩዝ፣ እሱ ከላይ የሚመጣውን ጭማቂ ይጠጣል። ከዚያ ሥጋ፣ ሳልሳ፣ አናት ላይ አቮካዶው። እርጥቡ ነገር ሁሉ መሀል ላይ ሆኖ ቶርቲያውን እንዳይነካ ነው ሐሳቡ።

ብዙ ሰው ሲሞላ የማየው ነገር አለ። ሩዙን በግራ፣ ቦሎቄውን በመሀል፣ ሥጋውን በቀኝ ይቆልላል። ተጠቅልሎ ሲበላ የመጀመሪያው ጉርሻ ሩዝ ብቻ፣ የመጨረሻው ሥጋ ብቻ ይሆናል። እያንዳንዱን ንብርብር ከዳር እስከ ዳር እኩል ዘርጉት። ቅርጹ ረዘም ያለ ጡብ ይምሰል፤ ለትልቁ ቶርቲያ 15 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 6 ሴንቲሜትር ወርድ ያህል። ከቶርቲያው መሀል ትንሽ ወደ እናንተ ቀረብ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ በግራና በቀኝ ባዶ ቦታ ይኑር።

አሁን እጃችሁን አስተውሉ። መጀመሪያ ግራና ቀኙን ወደ ውስጥ እጠፉ፣ መሙያው ላይ እስኪያርፍ። በመሀል ጣቶቻችሁ እንደያዛችሁት ሳትለቁ፣ በአውራ ጣቶቻችሁ በእናንተ በኩል ያለውን ጫፍ አንስታችሁ መሙያው ላይ አሻግሩት። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ወደ ፊት ያንከባልላል። አይሆንም። ጫፉ መሙያውን ተሻግሮ ወዲያ ማዶ ሲደርስ፣ መሙያውን በጫፉ እንደያዛችሁ ወደ ራሳችሁ መልሳችሁ ሳቡት። መሙያው ሲጠጋጋና ሲጠብቅ በመዳፋችሁ ይታወቃችኋል፤ ላላ ያለው ክምር ድንገት ጠጠር ይላል። ያቺ ስበት ናት ጥብቅ ቡሪቶ የምትሠራው። ከዚያ ጎኖቹ ላይ ጆሮ የመሰለ ትርፍ ከወጣ በጣታችሁ ወደ ውስጥ መልሱት፤ እያጠበቃችሁ እስከ መጨረሻው አንከባልሉ። መጋጠሚያው ወደ ታች ሆኖ ይቀመጥ።

አልዘጋ ካለ መሙያ ቀንሱ። ማንኪያ አምጥቶ ማውጣት አያሳፍርም፤ በኃይል መዝጋት ግን የትም አያደርስም። ትንሽ ከተቀደደ ግማሽ ቶርቲያ አሙቃችሁ የተቀደደበት ላይ አልብሱት። ጠጋኙ ቺዝ ካለበት ራሱ ይጣበቃል።

ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ አለ፣ አንዱን ምረጡ። አንደኛው መጥበሻ ነው። ያለ ዘይት፣ መካከለኛ እሳት ላይ፣ በመጋጠሚያው በኩል አስቀምጡትና ለአንድ ተኩል ወይም ሁለት ደቂቃ አትንኩት። መጋጠሚያው ተጣብቆ ይዘጋል። ገልብጣችሁ ሌላውን ጎን ወርቃማ አድርጉ። ጆሯችሁን ስጡት፤ ቸስ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ከሆነ ቦታ ውሃ እየወጣ ነው፣ ምናልባትም ሳልሳው በደንብ አልጠለለም። ጸጥ ብሎ የሚጠበስ ቡሪቶ ጤነኛ ነው።

ሁለተኛው ፎይል ነው፣ የሚሽኑ ዘዴ። ጥብቅ አድርጋችሁ በፎይል ጠቅልሉት፣ ሦስት ደቂቃ ያህል ተዉት። ውስጡ ያለው እንፋሎት ቶርቲያውን ያለሰልሰዋል፣ ቺዙም ሁሉንም ያያይዛል። ስትበሉ ፎይሉን ከላይ በትንሽ በትንሹ ላጡት እንጂ አንዴ አትግፈፉት። አንዳንዱ መጀመሪያ ጠብሶ ከዚያ በፎይል ይጠቀልላል። ለምን እንደሆነ አይገባኝም፤ የተደከመበት ቅርፊት በእንፋሎት ሁለት ደቂቃ ውስጥ ይለሰልሳል። መንገድ ላይ የሚበላ ከሆነ ፎይል፣ ሳህን ላይ ከሆነ መጥበሻ። እኔ ቤት ሁሌም መጥበሻ ነው።

ለፍሪዘር የምትሠሩ ከሆነ ደንቡ ይለወጣል። መሙያው ሁሉ ሳይጠቀለል በፊት ይብረድ። ትኩሱን ጠቅልላችሁ ካስገባችሁ እንፋሎቱ ውስጥ በረዶ ይሆናል፣ ሲሞቅ ያው ውሃ ነው። ቶርቲያውን ግን አሁንም አሙቁት፣ አለዚያ ይሰነጠቃል። አቮካዶ፣ ክሬም፣ ጥሬ ሳልሳ አይግቡ፤ ስትበሉ ታቀርቡታላችሁ። ቦሎቄ፣ ሥጋ፣ ቺዝና ትንሽ ሩዝ በቂ ነው። እያንዳንዱን በፎይል ጥብቅ አድርጋችሁ፣ አየሩ በወጣለት ፌስታል ውስጥ አስቀምጡ። እስከ ሦስት ወር ጣዕሙ ደህና ነው።

ልትበሉ ስታስቡ ከማታው ወደ ፍሪጅ አውርዱት። ማይክሮዌቭ ከሆነ ፎይሉን አውልቁ፤ እርጥብ ወረቀት ውስጥ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ፣ ገልብጣችሁ ሌላ አንድ ደቂቃ። መሀሉ እስኪፋጅ ድረስ መሞቅ አለበት፣ ለብ ማለቱ አይበቃም። ከዚያ መጥበሻ ላይ አንድ ደቂቃ አሳርፉት፣ ቆዳው ይመለሳል። ኦቨን ካላችሁና ካልቸኮላችሁ ከነፎይሉ፣ ከነበረዶው በ190 ዲግሪ 45 ደቂቃ ገደማ። ፎይሉ ላይ ደግሞ ምን እንደገባበትና መቼ እንደተሠራ ጻፉበት። ፍሪዘር ውስጥ ሁሉም አንድ ነው የሚመስሉት፤ ቃሪያ የማይችለው ልጅ ሁሌ የሚያነሳው የቺሊውን ነው።